ቡሄ መጣ! ስለ ሆያ ሆዬ፣ ስለ ሙልሙልና ስለ ችቦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነሐሴ በገባ ቁጥር ከወላጆችም ከልጆችም የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ እስከ ከባዱ መልሻለሁ።

ቡሄ መቼ ነው የሚከበረው?

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦገስት 19 ላይ ይውላል። ችቦው የሚበራው ግን በዋዜማው፣ ነሐሴ 12 ማታ ነው። ልጆች ደግሞ ዋዜማውን አይጠብቁም። ነሐሴ ገና ሳይጋመስ ዱላ ይዘው በር በር ማየት ይጀምራሉ።

ቡሄና ደብረ ታቦር አንድ ናቸው?

አዎ፣ የአንድ ቀን ሁለት ስሞች ናቸው። ደብረ ታቦር የቤተ ክርስቲያኑ ስም ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደተጻፈው ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ። ፊቱ እንደ ፀሐይ አበራ፤ ሙሴና ኤልያስ ታዩ፤ ከደመናውም የአብ ድምፅ ተሰማ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዘጠኙ የጌታ ዐበይት በዓላት አንዱ ነው። በደቡብ ጎንደር ያለችው የደብረ ታቦር ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ቡሄ ሲደርስ እዚያ ያለው ድምቀት ለብቻው ነው።

ቡሄ የሰፈሩ ስም ነው። ብራ፣ ገላጣ፣ ብሩህ ማለት ነው ይላሉ። "ቡሆ" ከሚለው፣ ሊጥ ማለት ከሆነው ቃል ጋር የሚያያይዙትም አሉ። እኔ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ቀኑ የብርሃንም የዳቦም ነውና። "ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" የሚባለውም ለዚህ ነው። እርግጥ ከቡሄ በኋላም ይዘንባል። ግን ከሰዓት ላይ ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ብቅ ስትል ሰው ሁሉ "ቡሄ እኮ ደረሰ" ይላል።

ችቦው፣ ዳቦውና ጅራፉ ከየት መጡ?

ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንዲህ ነው። ጌታ በተራራው ላይ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ አካባቢው ስላልጨለመ እረኞቹ የመሸ አልመሰላቸውም። ከብቶቻቸውን እየጠበቁ እዚያው ቆዩ። ወላጆች ልጆቻችን ቀሩ ብለው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ችቦውና ሙልሙሉ የዚያ ሌሊት መታሰቢያ ናቸው። የጅራፉ ጩኸት ደግሞ ከደመናው ለተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል።

በዚህ ትረካ ውስጥ ሁሌም የምትታየኝ ያቺ ዳቦ ይዛ የወጣች እናት ናት። ልጇ ይራበው አይራበው አታውቅም። ግን ባዶ እጇን አልወጣችም። ዛሬም በራችን ላይ ለሚጮሁት ልጆች ዳቦ የምንይዘው እንደ እሷ ነው ብዬ አስባለሁ።

በዓሉን አጥብቀው የሚይዙ ሌሎችም አሉ፤ የአብነት ተማሪዎች። ከየቤቱ "ስለ ደብረ ታቦር" ብለው የለመኑትን እህል ጠላ ጠምቀውበት፣ ዳቦ ጋግረውበት፣ ከመምህራቸው ጋር ያከብሩታል። የክርስትና አባትና እናትም ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል ይሰጣሉ። የክርስትና ልጅ ካላችሁ እስኪያስታውሳችሁ አትጠብቁ።

ሆያ ሆዬ እንዴት ነው የሚጨፈረው? ልጄ ምንም አያውቅም።

አንድ አውጪ አለ፤ ሌሎቹ ተቀባይ ናቸው። አውጪው ስንኙን ያወጣል። ተቀባዮቹ "ሆ!" እያሉ ዱላቸውን መሬት ላይ ይመታሉ። ያ ምት የጨዋታው ከበሮ ነው፤ ያለ ዱላ ሆያ ሆዬ አይሞቅም። ለትንሽ ልጅ ከወገቡ ትንሽ ከፍ የሚል ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃዋል። ልጣጩን በቢላ እየላጡ ዥንጉርጉር ማድረግ ደግሞ ግማሹ ደስታ ነው።

ጨዋታው የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መጣን ብሎ በር ማስከፈት። ቀጥሎ ጋሼንና እትዬን ማወደስ። ከዚያ ትንሽ ቆንጠጥ ማድረግ ይመጣል፤ ቶሎ ስጡን፣ ብዙ በር ይቀረናል ማለት። በመጨረሻ ምርቃት። ዳቦ ተቀብሎ ሳይመርቁ መሄድ ነውር ነው። ስለዚህ ልጃችሁን አንድ ነገር ብቻ የማስጠናት ጊዜ ካላችሁ፣ ምርቃቱን አስጠኑት። ቤቱ ዓመት ዓመት እንዲደርስ፣ እንዲሞላ፣ እንዲወልድ መመረቅ ይቻል። ሌላውን ከጓደኞቹ ይለቅማል።

አውጪ የሚሆነው ድምፁ የሚያምረው ሳይሆን የማያፍረው ልጅ ነው። ዓይኑም ፈጣን መሆን አለበት። በልጅነቴ የእኛ ቡድን አውጪ በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ግቢውን ያይ ነበር። ውሻ ካለ ውሻውን፣ አዲስ ቆርቆሮ ከተመታ ቆርቆሮውን፣ የተሰጣ በርበሬ ካለ በርበሬውን ግጥም ያደርገዋል። የቤቱ እመቤት ሳቋን መያዝ እያቃታት ትወጣለች። እጇ ላይ ዳቦው አለ ማለት ነው።

ሙልሙል በቤት እንዴት ይጋገራል?

ከባድ አይደለም። አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውኃ ያዙ። ውኃውን በአንድ ጊዜ አትድፉት፤ ዱቄት ከዱቄት ይለያያል። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪያቆም አሹት፤ አሥር ደቂቃ ያህል። ከዚያ ሸፍናችሁ እጥፍ እስኪሆን ተዉት። በነሐሴ ብርድ ይህ ሁለት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩሉ። ድስቱን ምድጃው አጠገብ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ይረዳል። ማታ አቡክቶ ማሳደር የሚወዱ አሉ፤ ኮምጠጥ ያለ ጥሩ ጣዕም ይወጣዋል። እንዲህ ከሆነ ግን እርሾውን ወደ ግማሽ ቀንሱት።

ሊጡ ከ10 እስከ 12 ሙልሙል ይወጣዋል። እያንዳንዱን በመዳፋችሁ አንከባሉትና ሞላላ አድርጉት። ጫፍና ጫፉ ቀጠን፣ መሐሉ ወፈር ይበል። ሌላ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። በኦቨን ከሆነ በ200 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። በምጣድ ከሆነ እሳቱን መጠን አድርጋችሁ፣ አክንባሎ ደፍታችሁ፣ አንዱ ጎን ሲቀላ ገልብጡት። መብሰሉን ለማወቅ ሆዱን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት። ባዶ ሣጥን የመሰለ ድምፅ ካወጣ ደርሷል።

ከምጣድ የወጣውን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ለልጅ ጥርስ ይመቻል። እናቴ በመሶብ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ ሙልሙሎቹን ደርድራ፣ በሩ አጠገብ ታስቀምጠው ነበር። ልጆቹ ሲመጡ ጓዳ መግባት አያስፈልጋትም። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ እስከ ደጅ ይደርሳል።

ጾም ነው፤ ታዲያ በቡሄ ምን ይበላል?

ቡሄ የሚውለው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይቆያል፤ በዓሉም አይፈታውም። ፍልሰታን ትንንሽ ልጆችም ስለሚጾሙት ሙልሙሉ የጾም መሆን አለበት። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አይገባበትም። ከዳቦ ቤት የምትገዙ ከሆነ ወተት እንደሌለው ጠይቁ። እየጾመ ላለ ልጅ የፍስክ ዳቦ መስጠት ሳያውቅ ማስገደፍ ነው።

ለቤቱ ሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ ተልባ በቂ ናቸው። ሙልሙል በትኩሱ ከሻይ ጋር ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ዶሮውና በጉ ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ይደርሳሉ።

ዳቦ ልስጥ ወይስ ብር? ስንት ብር?

ከቻላችሁ ሁለቱንም ስጡ፤ ካልቻላችሁ ዳቦውን አስቀድሙ። ብሩ ገንዘብ ያዡ ኪስ ይገባና ማታ ይከፋፈላል። ዳቦው ግን እዚያው መንገድ ላይ ይቆረሳል። ዝናብ የነካው እጅ ትኩስ ዳቦ ሲቀበል፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ትንሹ ልጅ ትልቁን ቁራሽ ሲያነሳ እዩ። ያንን ብር አያመጣውም። ቡሄን ያለ ሙልሙል ማሰብ ለእኔ ከባድ ነው።

ልጆቹ ብር መፈለጋቸው ግን ጥፋት አይደለም። ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። ከሆያ ሆዬ ባገኘው ብር ደብተር የገዛ ልጅ ብዙ ነው። ቁርጥ ያለ ተመን ስለሌለው እንደ አቅማችሁ ስጡ። ለበዓሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ አስቀድማችሁ ዘርዝሩት። ለመጀመሪያው ቡድን 200 ብር ሰጥቶ ለስድስተኛው ባዶ እጅ መውጣት ያሳፍራል። የምትሰጡትም ለቡድን ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አይደለም። ብሩን ለገንዘብ ያዡ፣ ሌሎቹ እያዩ፣ መጠኑን ጮክ ብላችሁ ስጡት። የማታውን ጠብ በግማሽ ይቀንሰዋል።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆች አይመጡም፤ ቢመጡም ጥበቃው ይመልሳቸዋል። ምን እናድርግ?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ እየበዛ ነው፣ ልቤንም ይነካዋል። በግቢ ቤት ዘመን ልጅ በር ለማንኳኳት ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር። አሁን ከታች ጥበቃ አለ፣ በእያንዳንዱ ፎቅ የብረት በር አለ። ዱላ በደረጃ ላይ ሲመታ ድምፁ ሕንፃውን ያናውጠዋል። አራስና ሕመምተኛ ያለበትም ቤት አለ።

የሠራልንን ልንገራችሁ። ከበዓሉ ሳምንት በፊት ለኮሚቴውና ለጥበቃው ነገርን። ነሐሴ 12 ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ምሽት የሕንፃው ልጆች ከታች በረንዳው ሥር ተሰባስበው እንዲጨፍሩ ተስማማን። ነዋሪው ዳቦውንና ብሩን ይዞ ወረደ። አንዲት ከአራተኛ ፎቅ መውረድ የማይችሉ እማማ ነበሩ። ልጆቹ ዱላቸውን ታች ትተው፣ በጭብጨባ ብቻ፣ በራቸው ድረስ ወጡላቸው። ጎረቤትን ስሙን ሳታውቁ ሦስት ዓመት የኖራችሁ ከሆነ፣ በዚያች ሁለት ሰዓት ታውቁታላችሁ።

ችቦ ለማብራት ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ክረምት ስለሆነ የመጀመሪያው ችግር እርጥበት ነው። ችቦውን ቀደም ብላችሁ ግዙና ኩሽና ውስጥ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። እምቢ አለ ብላችሁ ቤንዚን እንዳታርከፈክፉበት! በዓል ላይ የሚደርሰው ቃጠሎ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ደረቅ ጭራሮ ከታች አድርጋችሁ በትዕግሥት አቀጣጥሉት።

ከመብራት ሽቦ፣ ከሸራና ከቆመ መኪና ራቁ። የነጠላ ጫፍና የሐበሻ ቀሚስ ዘርፍ እሳት ቶሎ ይይዛል፤ ጠቅለል አድርጉት። አንድ ባልዲ ውኃ አጠገባችሁ ይኑር። ችቦውን ትልቅ ሰው ይያዘው፣ ትንሹ ልጅ ከትልቁ እጅ ሥር ይያዝ። እንደዚያ ሲይዝ ራሱ ያበራው ይመስለዋል።

ጅራፍ ለልጄ ልግዛለት?

ሰፊ ሜዳ ካላችሁ ግዙለት። ከተማ ውስጥ፣ ጠባብ ግቢ ላይ ግን አልመክርም፤ ዓይን ያጠፋል። ጅራፍ የሚጮኸው ስለሚመታ አይደለም። ጫፉ ከድምፅ በበለጠ ፍጥነት አየሩን ሲቀድ ነው ያ "ጧ!" የሚወጣው። ስለዚህ ጉልበት ሳይሆን አወራወር ነው የሚፈልገው፣ ጫፉ ላይ የምትታሰረው ቀጭን ቃጫም ወሳኝ ናት። በገጠር ጎረምሶች እርስ በርስ ይገራረፉበታል። ያ የለመደ ሰው ጨዋታ ነው፣ ከተማ ያደገ ልጅ አይሞክረው።

ሴት ልጄ ሆያ ሆዬ ልጨፍር አለች። ይቻላል?

ሆያ ሆዬ ከድሮ የወንዶች ልጆች ጨዋታ ነው። አበባየሆሽ ደግሞ በእንቁጣጣሽ የሴቶቹ ነው። በሰሜን ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች የራሳቸው ደማቅ በዓል አላቸው፤ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ዛሬ በከተማ ሴቶቹም ከወንድሞቻቸው ጋር ወጥተው ሆያ ሆዬ ይላሉ። እኔ ፍቀዱላት ባይ ነኝ። ዱላ የሚመታው እጅ የማን ነው ብሎ በር የሚዘጋ ሰው አላየሁም።

ለሁሉም ልጆች ግን ደንቡ አንድ ነው። ከአምስት ስድስት ሆነው፣ አንድ ከፍ ያለ ልጅ አብሯቸው ሆኖ፣ በሚያውቁት ሰፈር ይሂዱ። ዋና መንገድ አይሻገሩ። ማንም ቢጋብዛቸው ከደጃፍ አልፈው ቤት አይግቡ። የዝናብ ልብስና ባትሪ ይያዙ። ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተስማሙና በሰዓቱ ካልመጡ ውጡና ፈልጓቸው። ዳቦም ያዙ።

የሌላ እምነት ተከታይ ቤት ማንኳኳት ነውር ነው?

በእኛ ሰፈር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለሆያ ሆዬ ልጆች ብር ዘርዝረው ይጠብቁ ነበር። ከቡድኑ ውስጥም ግማሹ ልጅ የእነሱ ነበር። ስለዚህ ማንኳኳት ነውር አይደለም። ነውሩ እምቢ ሲባል መጨቅጨቅ ነው። "እኛ አናከብርም" ያለ ሰው ቤት ላይ አንዲትም ጎንታይ ስንኝ አይጨመርበት። "እሺ፣ እናመሰግናለን" ብሎ መሄድ።

በዓሉን ለማታከብሩም አንድ ቃል አለኝ። መብራት አጥፍታችሁ የሌላችሁ አትምሰሉ። በሩን ከፍታችሁ በፈገግታ ንገሯቸው። ልጅ እምቢታን ይችላል፤ የተዘጋ በር ፊት ግን ብዙ ይቆማል።

ጎረምሶች በስፒከር መጥተው የስድብ ግጥም ያወርዳሉ። መስጠት አለብኝ?

የለባችሁም። ቆንጠጥ ማድረግ የጨዋታው ወግ ነው። ስስታሙን ጋሼ በግጥም መጎንተል ድሮም ነበረ፣ ጋሼም ስቀው ይሰጡ ነበር። ሰውን ማዋረድና ማስፈራራት ግን ሆያ ሆዬ አይደለም። ለመልካም ግጥም ስጡ፤ ለስድብ አትስጡ። ሲበዛባችሁም ብቻችሁን አትጋፈጡ፣ ጎረቤት ጥሩ።

ትንንሾቹን ግን በትልልቆቹ ጥፋት አትቅጧቸው። ትልልቆቹ አስመርረዋችሁ በሩን ከዘጋችሁት፣ ቀጥሎ የሚመጣው የሰባት ዓመት ልጅ ምን እንዳጠፋ አያውቅም።

ሐዘን ላይ ያለ ቤት ደጃፍ ላይ ሆያ ሆዬ ይባላል?

አይባልም። ልጆቻችሁ ከመውጣታቸው በፊት የትኛው ቤት ሐዘን እንዳለ ንገሯቸው። በዚያ ቤት አጠገብ ሲያልፉ ዱላው አይመታ፣ ድምፁም ዝቅ ይበል። ድንኳኑ ከተነሳ ቆይቶ ከሆነም ቢሆን ቤተኛ ጎረቤት ይጠየቅ።

ሐዘንተኛው ራሱ ከጠራቸው ግን ይሂዱ። አንድ ዓመት ባለቤታቸውን የቀበሩ እትዬ ነበሩ ሰፈራችን። ዱላችንን ብብታችን ሥር ሸጉጠን፣ በጥፍራችን እየረገጥን ስናልፍ በሩ ገርበብ አለ። ጥቁር ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወጡ። በእጃቸው ሙልሙል ይዘዋል፤ ለጋሼ ልጆች ብዬ ጋግሬያለሁ አሉን። ጋሼ በየዓመቱ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁን ሰው ነበሩ። አውጪያችን ግጥም ጠፋው። ዳቦውን ተቀበልን፤ ምርቃቱን ብቻ፣ ያለ ዱላ፣ በቀስታ አልንላቸው።